የኋላው በር ከውስጥ ይከፈታል?

ለበዓል ቤተሰብዎን ይዘው ረጅም መንገድ ሊወጡ ነው እንበል። የሞተሩን ዘይት አይተዋል፤ የጎማውን ነፋስ አስለክተዋል፤ ዳቦ ቆሎው፣ ውኃው፣ የልጆቹ ሹራብ ሁሉ ተጭኗል። ከመነሳትዎ በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ከኋላ ወንበር ተቀምጠው፣ በሩን ዘግተው፣ ከውስጥ ለመክፈት ሞክረው ያውቃሉ?

አብዛኞቻችን ሞክረን አናውቅም። መኪናውን የሚነዳው ሰው ሁልጊዜ የሚቀመጠው ከፊት ነው። የኋላውን በር የሚያውቁት ልጆች፣ አያቶችና እንግዶች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ አልከፈት ቢላቸው ከውጭ እስኪከፈትላቸው ዝም ብለው ይጠብቃሉ። የእኛ ቤተሰብ ይህን ጥያቄ ራሱን የጠየቀው እጅግ ዘግይቶ፣ ከወልድያ በላይ ባለው የድልብ ዳገት መሐል ቆሞ ነው።

ድልብ ላይ የሆነው

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። እናቴ «ገናን አንድ ጊዜ ላሊበላ ሳላከብር እንዳልሞት» ማለት ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል። በዚያ ዓመት እሺ አልናት። መኪናችን አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ ከገዛናት ሁለት ወር አልሞላም ነበር። ባለቤቴ ይነዳል፤ እኔ ጋቢና ነኝ፤ እናቴ ከኋላ በስተቀኝ ተቀምጣለች፤ የ5 ዓመቷ ልጃችን ከአጠገቧ ናት።

ከጉዞው በፊት በነበረው ሳምንት ልጃችን መኪናው እየሄደ የበሩን እጀታ ስትነካካ አይተናት ደንግጠን ነበር። ስለዚህ ባለቤቴ በሁለቱም የኋላ በሮች ላይ ያለውን የልጆች መቆለፊያ፣ በጋራዥ ቋንቋ ቻይልድ ሎክ የሚባለውን፣ ቆለፈው። ልክ ነበር። የቀኙ በር የውጭ እጀታ ላላ ማለቱንም እናውቃለን። «ሁለት ሦስቴ ሲሳብ ይከፍታል» ብለን ተውነው። ይሄኛው ልክ አልነበረም።

ደሴ አድረን በማግስቱ ወልድያ ገባን። ከአዲስ አበባ ወልድያ 520 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ በኋላ የሚያስጎበኘው የቻይና መንገድ ይጀምራል። ከወልድያ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ 3,000 ሜትር ወደሚጠጋው ደጋ የሚወጣ ጠመዝማዛ ነው። ሙሉ ጭነት የያዘ አሮጌ መኪና እዚህ ላይ ይፈተናል። ዳገቱን ስናጋምስ የሙቀት መለኪያው ቀዩን ነካ፤ ወዲያው ከኮፈኑ ስር ነጭ ነገር ቡልቅ አለ።

ጭስ ይሁን እንፋሎት ለመለየት ፋታ አላገኘንም። ባለቤቴ መኪናዋን ቀኝ ጥግ አስይዞ አቆማትና ሁለታችንም ዘለን ወረድን። ከኋላ ግን የወረደ የለም። እናቴ እጀታውን ትስባለች፤ በሩ አይከፈትም። እኔ ከውጭ እስባለሁ፤ እጀታው ያለ ምንም ክብደት እጄ ላይ ይወዛወዛል። ልጄ ጮኻ ታለቅሳለች። በመጨረሻ ባለቤቴ የግራውን በር ከውጭ ከፍቶ ልጃችንን አቀበለኝ፤ እናቴም በወንበሩ ላይ እየተንፏቀቀች በግራ በኩል ወጣች። በግራ በኩል ማለት ከላይ የሚወርደው የጭነት መኪና የሚያልፍበት ጎን ማለት ነው።

እንፋሎት ነበር። ሁሉም ነገር ያለቀው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ነው። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀን፣ የራዲያተሩን ክዳን ሳንቸኩል ከፍተን፣ ውኃ ጨምረን ቀጠልን። እናቴ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ረሳችው። እኔ ግን እስከ ዛሬ የማስበው፣ ያ ነጭ ነገር እንፋሎት ባይሆን ኖሮ ሁለት ደቂቃ ይበቃን ነበር ወይ የሚለውን ነው።

ጋሸና ስንደርስ በዕድሜ ጠና ያሉ አንድ ሹፌር በሩን አዩልን። የውስጡን ልባስ ፈትተው፣ በፒንሳ አንድ ቀጭን ዘንግ ሳብ ሲያደርጉ በሩ ተከፈተ። «ልጄ» አሉኝ፣ «ቁልፉ ጥፋት የለበትም። ቁልፉ ተቆልፎ የውጭው እጀታ ከተበላሸ ግን በሩ ግድግዳ ነው።» የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ይኸው ነው።

መቆለፊያው እንዴት ይሠራል?

የመኪና በር የሚያዘው በጠርዙ ላይ ባለው መንጠቆ ነው። መንጠቆው በመኪናው አካል ላይ ያለችውን ቀለበት ይነክሳል። ከመንጠቆው ጋር ሁለት እጀታዎች በዘንግ ወይም በሽቦ ይገናኛሉ፤ አንዱ የውስጥ፣ አንዱ የውጭ ነው። የልጆች መቆለፊያ የሚያደርገው የውስጡን እጀታ ከመንጠቆው ማለያየት ብቻ ነው። ልጁ እጀታውን ቢስበው እጀታው ይንቀሳቀሳል፤ በሩ ግን አይከፈትም። የውጭው እጀታ እንደወትሮው ይከፍታል።

ከተራው የበር ቁልፍ ጋር አያምታቱት። ተራው ቁልፍ፣ በመስኮቱ ስር ያለችው ጉብ ያለች ነገር ወይም ከሹፌሩ ጎን ያለው ቁልፍ፣ በሩ ከውጭ እንዳይከፈት ያደርጋል። የመስኮት መከልከያውም ሌላ ነው፤ እሱ የኋላ መስኮቶችን ብቻ ያግዳል። የልጆች መቆለፊያ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከሹፌሩ ወንበር የሚታዘዝ አይደለም። በእያንዳንዱ የኋላ በር ጠርዝ ላይ ለብቻው የተቀመጠ ስለሆነ፣ የሚታየውም የሚነካውም በሩ ሲከፈት ብቻ ነው። የቀኙን መልቀቅ የግራውን አይለቅም።

ችግሩ የቱ ጋ ነው?

የኋላ በር ከውስጥ አልከፈት ሲል ብዙዎቻችን «ተበላሽቷል» እንላለን። ሁልጊዜ አይደለም። በሩ በሚሰጥዎ ምልክት መለየት ይችላሉ።

ከውጭ ይከፈታል፣ ከውስጥ አይከፈትም፦ አብዛኛውን ጊዜ የልጆች መቆለፊያው ተቆልፏል። ተለቆም አልከፈት ካለ የውስጡ እጀታ ሽቦ ወይም ዘንግ ተበጥሷል፤ ወይም ወልቋል።

ከውስጥ ይከፈታል፣ ከውጭ አይከፈትም፦ በመጀመሪያ ተራው ቁልፍ አለመቆለፉን ይዩ። ካልተቆለፈ የውጭው እጀታ ችግር አለበት። ይህን በር የልጆች መቆለፊያ እንዳይቆልፉበት።

ከሁለቱም አይከፈትም፦ ወይ ተራው ቁልፍ አልተነሳም፤ ወይ መንጠቆው በአቧራና በዝገት ተይዟል፤ ወይ እንደ እኛ ሁለቱ ችግሮች ተገናኝተዋል።

አስተውሉ፤ መቆለፊያው ማንም ሳያስበው ሊቆለፍም ይችላል። መኪና ሲታጠብ በጨርቅ ይነካል፤ ልጆች በሩ ተከፍቶ ሲጫወቱ ያዞሩታል። ያገለገለ መኪና ከገዙ ደግሞ የቀድሞው ባለቤት ልጆች ስለነበሩት ለዓመታት ተቆልፎ፣ እዚያው ደርቆ ሊሆን ይችላል።

እንዴት ይለቀቃል?

ሥራው ጋራዥ አያስኬድም። 10 ደቂቃ፣ ንጹሕ ጨርቅና ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ይበቃዎታል።

1. መኪናውን ሜዳ ላይ ያቁሙ፤ ሞተሩን ያጥፉ፤ የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ። ተራውን ቁልፍ ለሁሉም በር ያንሱ።

2. የኋላውን በር ከውጭ ይክፈቱ። የበሩን ጠርዝ፣ ማለትም ወደ መኪናው ጀርባ የሚዞረውን ጎን ይመልከቱ። ከመንጠቆው ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ትንሽ ምላስ የመሰለ ማንሻ ወይም ካቻቢቴ የሚገባበት ስንጥቅ ያለው ክብ ነገር ያገኛሉ። አጠገቡ ብዙ ጊዜ የልጅ ምስል ወይም ቀስት ይኖራል። በጣም በቆዩ መኪኖች ላይ ጭራሽ ላይኖር ይችላል።

3. አቧራውን በጨርቅ ይጥረጉ። ምላሱን ወደ ተቃራኒው ጎን ይግፉ፤ ስንጥቅ ከሆነ በቁልፍ ወይም በካቻቢቴ ያዙሩ። ቀስቱ የሚያሳየው አብዛኛውን ጊዜ የሚቆለፍበትን አቅጣጫ ነው፤ ለመልቀቅ በተቃራኒው ነው።

4. ከጠነከረ አያስገድዱት፤ ፕላስቲክ ስለሆነ ይሰበራል። ለዝገት የሚረጨውን ቀጭን ቅባት ትንሽ ነፋ አድርገው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁና እያመላለሱ ያላሉት። የምግብ ዘይት አይጠቀሙ፤ አቧራ ይዞ ከበፊቱ የባሰ ያጣብቀዋል።

5. በሩን ከመዝጋትዎ በፊት ይሞክሩት። በሩ ክፍት እንደሆነ መንጠቆውን በካቻቢቴው ዘንግ ገፋ ያድርጉት፤ «ቀጭ ቀጭ» ብሎ በሩ የተዘጋ ያህል ይያዛል። አሁን የውስጡን እጀታ ይሳቡ። መንጠቆው ተፈትቶ ከተመለሰ መቆለፊያው ተለቋል። ካልተመለሰ በውጭው እጀታ ይፍቱት። መንጠቆው ተይዞ እያለ በሩን አይዝጉ፤ ከቀለበቷ ጋር ይላተማል።

6. በመጨረሻ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ከኋላ ይቀመጡ፤ በሩን ይዝጉና ከውስጥ ይክፈቱ። አልከፈት ቢል በመስኮቱ እጅዎን አውጥተው በውጭው እጀታ ይከፍቱታል። ከዚያ ወደ ሌላኛው በር ይሂዱ።

በሩ ጭራሽ እምቢ ካለ

ከውስጥም ከውጭም አልከፈት ያለ በር ትዕግሥት ይፈልጋል። በሌላኛው በር ይግቡና ተራውን ቁልፍ ደጋግመው ቆልፈው ያንሱት። አንድ ሰው ከውጭ እጀታውን ስቦ ይዞ ሳለ ሌላው በሩን ከውስጥ በትከሻው ገፋ፣ ለቀቅ ያድርገው። በአቧራ የተያዘ መንጠቆ ብዙ ጊዜ በዚህ ይላቀቃል። መስኮት መስበርም ሆነ በሩን በብረት መፈልቀቅ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ካልሆነ አያስፈልግም። ያም ካልሆነ መካኒኩ የበሩን የውስጥ ልባስ ፈትቶ ዘንጉን በእጁ ይስበዋል። በሩ አንዴ ከተከፈተ የልጆች መቆለፊያውን ወዲያው ያስለቅቁ፤ የውጭው እጀታ ሳይጠገንም መልሰው አይቆልፉት።

የላስታ መንገድ ለዚህ ጥሩ አስተማሪ ነው። ከጋሸና ወደ ላሊበላ የሚወስደው 64 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ለረጅም ዘመን ጠጠር ነበር። ዛሬም ከከተማው ወጥተው ወደ ብልባላና ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ቢያቀኑ አቧራው ይቀበልዎታል። ያ ደቃቅ አፈር በበሩ ስንጥቅ ሁሉ ይገባል። ከእንዲህ ያለ ጉዞ ሲመለሱ የአራቱንም በሮች መንጠቆ ማጽዳትና ጥቂት ቅባት መስጠት ይልመዱ።

መቼ ይቆለፍ? መቼ ይለቀቅ?

ይህን ሁሉ ካነበቡ በኋላ «እንግዲያውስ ለዘላለም ይለቀቅ» እንዳይሉ። መቆለፊያው የተሠራው በምክንያት ነው። የ3 ወይም የ4 ዓመት ልጅ እጀታ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም፤ በሚሄድ መኪና ውስጥ በሩ ከተከፈተ የሚደርሰውን ማሰብ አይከብድም። ከኋላ ትንሽ ልጅ ካለ መቆለፊያው ይቆለፍ፤ ቀበቶውም ይታሰር። መቆለፊያ የቀበቶን ሥራ አይሠራም።

ነገር ግን ከኋላ የተቀመጠው ማን እንደሆነ በየጉዞው ይጠይቁ። አያት፣ እንግዳ ወይም ነገር የገባው ትልቅ ልጅ ከሆነ ይለቀቅ። ትንሽ ልጅና ትልቅ ሰው አብረው ከሆኑ መፍትሔው ቀላል ነው፤ የልጁ ጎን ይቆለፍ፣ የትልቁ ሰው ጎን ይለቀቅ። እኛ ያን ቀን ማድረግ የነበረብን ይኸው ነበር። ከተቻለም የትልቁ ሰው ጎን ቀኙ ይሁን፤ በአገራችን መንገድ መውረጃው በቀኝ ነውና።

ቆሞ ያለ መኪናም ሌላ ጉዳይ ነው። «ለአንድ ደቂቃ» ብለው ልጅን መኪና ውስጥ ትተው አይውረዱ። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ ብቻ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሊጨምር ይችላል። የደጋው ነፋስ አያታልልዎ። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም የቀትር ፀሐይዋ ብርቱ ናት፤ ውጭው ቀዝቀዝ ብሎ ሳለ የተዘጋ መኪና ውስጥ ግን ይታፈናል። መቆለፊያው የተቆለፈበት ልጅ ደግሞ ሞቀኝ ብሎ መውጣት አይችልም።

ለልጆች የሚነገር

ልጅዎ ነገር መለየት ሲጀምር ሦስት ነገር ያስተምሩት። አንደኛ፣ ቀበቶውን ራሱ መፍታት። ሁለተኛ፣ የኋላው በር አልከፈት ካለ በመቀመጫዎቹ መሐል ወደ ጋቢና ተሻግሮ በፊት በር መውጣት፤ የልጆች መቆለፊያ በፊት በሮች ላይ የለም። ሦስተኛ፣ መውጣት ካቃተው የመሪውን ክላክስ ሰው እስኪመጣ መጫን፤ በብዙ መኪኖች ላይ ሞተሩ ጠፍቶም ይሠራል። ቤት ደጃፍ ላይ መኪናው ቆሞ እንደ ጨዋታ አንድ ሁለቴ ቢለማመዱት ይበቃል። ይህ የሚደረገው አባት ወይም እናት ባሉበት፣ ለችግር ጊዜ ብቻ መሆኑንም አብረው ይንገሩት።

ያገለገለ መኪና ሊገዙ ከሆነ

ሥራዬ ግብይት ነው፤ ዕቃ ሲሸጥ የቱ እንደሚታይና የቱ እንደማይታይ አውቃለሁ። ያገለገለ መኪና ሲሸጥ የሚወለወለው ቀለሙ ነው፤ የሚሰማው የሞተሩ ድምፅ ነው። የኋላውን በር ከውስጥ የሚሞክር ገዢ ጥቂት ነው። እኔም አልሞከርኩም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ በእጃችን ያሉት ኮሮላዎችና ቪትዞች ገና ብዙ ዓመት አብረውን ይቆያሉ። ስለዚህ ይህችን ቁጥር ይያዙ፦ 4 በር፣ 8 እጀታ። ስምንቱንም አንድ በአንድ ስበው ይሞክሩ፤ ከዚያ ስለ ዋጋ ይነጋገሩ። መኪናው የራስዎ ከሆነም ዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ሲደርስ ስምንቱን እጀታዎች አብረው ያስታውሱ።

ላሊበላ ስንደርስ

ከጋሸና ስንነሳ ቀኙ በር የልጆች መቆለፊያው ተለቆ፣ ከውስጥ ብቻ የሚከፈት ሆኖ ነበር። የግራው፣ የልጃችን ጎን፣ እንደተቆለፈ ነው። ማምሻውን ላሊበላ ገባን። መንገዱን ነጭ ነጠላ የለበሰ ምእመን ሞልቶታል፤ ከሩቅ አገር በእግሩ የመጣም አለ። ባለቤቴ መኪናዋን እንዳቆመ እኔ ለእናቴ ልከፍትላት ዞሬ ሄድኩ። አልጠበቀችኝም። እጀታውን ራሷ ስባ፣ በሩን ራሷ ከፍታ፣ እግሯን የላስታ አፈር ላይ አሳርፋ እልል አለች።

በማግስቱ ሌሊት፣ ታኅሣሥ 29 ሲነጋ፣ ካህናቱ ቤዛ ኩሉ ሲሉ አብራቸው ቆማ አየኋት። የዓመታት ስለቷ ተፈጸመ። ለእኔ ግን ከዚያ ጉዞ ከሁሉ በላይ የቀረልኝ የበሩ ድምፅ ነው፤ ከውስጥ፣ በእናቴ እጅ የተከፈተው በር።

ዛሬ ማታ መኪናዎን ግቢ ሲያስገቡ ወዲያው ወደ ቤት አይግቡ። ከኋላ ይቀመጡ፤ በሩን ይዝጉ፤ እጀታውን ይሳቡ። ከተከፈተ ደግ ነው። ካልተከፈተ ደግሞ ምክንያቱን አሁን ያውቁታል። መልካም መንገድ!